ሰርቨሩን መቼ ልግዛ ላልኸኝ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ስንት ጊዜ ሆነን! ደብዳቤህ ምን ያህል እንዳስደሰተኝ ልነግርህ አልችልም። የእናትህን መዳን መስማቴ ብቻ በቂዬ ነበር። ስለ ቤተሰቡ ሁሉ ሰፋ አድርጌ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ፤ ዛሬ ግን መጨረሻ ላይ ያነሳኸውን ጥያቄ ልመልስልህ፤ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይመስለኝም።

«የቤት ሰርቨሬን፣ የቤተሰቡን ፋይሎች የማስቀምጥበትን ኮምፒውተር፣ አሁን ልሥራ ወይስ ዋጋው እስኪረክስና አዲሱ ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ እስኪወጣ ልታገሥ?» ብለሃል። ዝቅ ብለህ ደግሞ የአባትህ ፎቶግራፎችና የድምፅ ቅጂዎች ያሉበት ዲስክ ሊሞላ ጥቂት እንደቀረውና ሌላ ቅጂ እንደሌላቸው ጽፈሃል። የመግዣህን ቀን የሚቆርጠው ይህ ዲስክ ነው። እባክህ ነገ ዛሬ ሳትል አንድ የውጭ ዲስክ ግዛና ሁሉንም ገልብጥ። ሰርቨሩ ይደርሳል። ሁለተኛ ቅጂ እጅህ ከገባ በኋላ ስለ ዋጋ በተረጋጋ ልብ ማሰብ ትችላለህ።

ገበያውን መጠበቅ የማልወድበት ምክንያት አለኝ። የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ የሚወርደው ቀስ እያለ ነው፤ ሲወጣ ግን በድንገት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ታይላንድን ጎርፍ ሲመታት የሃርድ ዲስክ ፋብሪካዎች በውኃ ተዋጡ፤ ዋጋው በሳምንታት ውስጥ እጥፍ ገደማ ሆነ፤ የወጣውን ያህል ፈጥኖ ግን አልወረደም። በ2021 ደግሞ ቺያ የተባለው፣ በዲስክ ቦታ የሚመረተው ዲጂታል ገንዘብ መጣና ትላልቆቹን ዲስኮች ገበያ ላይ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። በ2025 ማብቂያ ተራው የራም ነበር፤ ራም ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ዕቃ ነው። የዓለምን ራም አብዛኛውን የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ምርታቸውን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ስላዞሩ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ናረ። ርካሹን ቀን ሲጠብቅ የነበረ ሰው እያንዳንዱ ጊዜ ባዶ እጁን ነው የተገኘው።

ይህን ስልህ ደግሞ ደንግጠህ ያገኘኸውን ሁሉ እንዳትሸምት። ራም ውድ ከሆነ በ16 ጊጋባይት ጀምር፤ ፋይል ለማስቀመጥና ለቤተሰብ ቪዲዮ ለማሳየት በቂ ነው። ማዘርቦርዱ፣ ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ፣ አራት የራም ማስገቢያ ካለው ሁለቱን ባዶ ተዋቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ለሚመጣ ፍላጎት ዛሬ መክፈል ከሁሉ የከፋው ግዢ ይመስለኛል።

አዲሱን ፕሮሰሰር አትጠብቅ። ለአንተ ሥራ ያለፈው ትውልድ ይተርፋል፤ አዲሱ መውጣቱ የሚጠቅምህ የቀድሞውን ስለሚያረክስልህ ነው። ራሙ ግን ከማዘርቦርዱ ጋር መግጠሙን አረጋግጥ፤ ዲዲአር4 የሚባለው የቀድሞው የራም ትውልድ ለአዲሱ ለዲዲአር5 በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ አይሠራም።

ያገለገለ የድርጅት ሰርቨር ስለመግዛትም ጠይቀሃል። ድርጅቶች ዋስትናቸው ሲያልቅ፣ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በጅምላ ስለሚያወጧቸው በእርግጥ ይረክሳሉ። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ሳይጠፋ ለሚሠራ ዕቃ የመብራቱን ሂሳብ ከዋጋው ጋር ደምረው። ሥራ ፈትቶ እንኳ ከተራ ኮምፒውተር 100 ዋት አብልጦ የሚወስድ ሰርቨር በዓመት 876 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምርብሃል። የማቀዝቀዣዎቹ ጩኸትም ለመኖሪያ ቤት አይሆንም። ራሙን ነቅለህ በተራ ማዘርቦርድ ላይ ልትጠቀምበት ብታስብም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሬጂስተርድ የሚባለው ለሰርቨር የተሠራ ዓይነት ስለሆነ አይሠራልህም።

አጥብቄ የምለምንህ ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። አንዱን ዕቃ ዛሬ፣ ሌላውን ከሦስት ወር በኋላ እየገዛህ አታጠራቅም። ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ ማዘርቦርድ ብልሽት ቢኖረው የምታውቀው ፕሮሰሰሩና ራሙ ሲመጡ ነው፤ ያኔ የመመለሻው ጊዜ አልፎ ይሆናል፤ ዋስትናውም ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ቆይቷል። ዕቃዎቹ የሚገጠሙበትን የኮምፒውተሩን ሳጥን ብቻ ቀድመህ ብትገዛ ግድ የለም። ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ፓወር ሰፕላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰብስብ፤ ገጣጥመህ የራም መመርመሪያ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ አስኪድ። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየህ ራሙን መልስ።

ዲስኮቹን መጨረሻ ላይ ግዛ፤ ብትችል ከተለያዩ ሻጮች ይሁኑ፤ በአንድ ጊዜ የተመረቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት ጉድለት ሊጋሩ ይችላሉና። አንድም ፎቶግራፍ ሳታስገባ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ጻፍበትና መልሰህ አንብበው። ለ16 ቴራባይት ዲስክ ይህ ሁለት ቀን ያህል ይወስዳል። ከዚያ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን መረጃ ክፈትና ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩትን ሴክተሮች፣ ማለትም የዲስኩን ትንንሽ ክፍሎች፣ ቁጥር ተመልከት፤ በአዲስ ዲስክ ላይ ዜሮ መሆን አለበት። ሁለት ዲስክ ሬይድ በሚባለው ዘዴ አጣምረህ አንዱን የሌላው ግልባጭ ብታደርገውም ያን የውጭ ዲስክ እንዳትጥለው፤ በስህተት የሰረዝኸው ፋይል ከሁለቱም እኩል ነው የሚጠፋው።

አሁን ያለህ ፋይል ምን ያህል ቴራባይት እንደሆነና በዓመት ስንት እንደሚጨምር ጻፍልኝ። የዕቃውን ዝርዝር አብረን እናወጣለን፤ ከዚያ በፊት ግን ቅጂውን እንዳስቀመጥህ ንገረኝ።

እናትህን ሳምልኝ።

ወንድምህ