ስለዚያች ቀይ ጫማሽ

እንዴት ነሽልኝ? ጠፋሁብሽ አይደል፣ አራት ዓመት መሆኑ እኮ ነው። ሰበብ አልደረድርልሽም። ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ፣ ከዚያ ደግሞ መቆየቴ ራሱ አሳፈረኝ። አሁንም የምጽፍልሽ የሆነ ነገር ቢከነክነኝ ነው፦ ቀበና የወሰዳት ቀይ ጫማሽ።

ክረምት ነበር። ውሃው ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ እንሻገር ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያንን አልክድም። አንዷ ጫማሽ ሄደች። ስታለቅሺ ላባብልሽ ብዬ "አይዞሽ፣ ዓባይ ገብታ ግብፅ ትደርሳለች" አልኩሽ። አንቺም አመንሽኝ። እናትሽ ጫማሽ የት ሄደ ሲሉሽ "ግብፅ" ብለሽ የተገረፍሽው አይረሳኝም።

ባለፈው ሳምንት እንጦጦ ወጥቼ ነበር። ጫፉ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ግን ወዲያና ወዲህ ስታዪ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ይሆንልሻል። ጋራው ውሃ ይከፍላል። በሱሉልታ በኩል የወረደው ዝናብ ሙገር ይገባል፣ ከሙገር ዓባይ፣ እያለ እያለ ሜድትራኒያን። በእኛ በኩል የወረደው ግን ቀበና ሆኖ ከተማውን አቋርጦ አቃቂ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር የሚባል አያይም! 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ አፋር ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ሐይቁ መውጫ የለውም። ውሃው በፀሐይ ይተናል፣ ጨው ይቀራል።

እና በከንቱ ነው የተገረፍሽው። በጣም ይቅርታ።

ያን ቀን ውሃው ለምን እንደዚያ እንደተቆጣም ገባኝ። በጋ ላይ እኮ ዘለን የምንሻገረው ነው። አንደኛ ቁልቁለቱ ነው፣ ከ3,200 ተነስቶ ወደ 2,300 ሜትር የሚወርደው በጣም አጭር መንገድ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ረጅም ታሪክ አለው። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ ቤቱም አጥሩም ማገዶውም ከዚያው ከጋራው ጽድና ወይራ ነበር። ኋላ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደዱና ከተማው ወደ ታች ወረደ፣ መጥረቢያው ግን እላይ ቀረ። ጋራው ተራቆተ። ማገዶ ከመጥፋቱ የተነሳ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ሁሉ አስበው ነበር። አዲስ አበባን ያተረፋት በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው፣ ስሙም ከዚያው ነው፤ ባሕር ዛፍ።

ዛሬ ባሕር ዛፍን መራገም ፋሽን ሆኗል። እኔ አልችልም፣ ያደግነው በቅጠሉ በተጋገረ እንጀራ ነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ከሥሩ ሣር አይታይም ማለት ይቻላል። ቅጠሉንም ሴቶቹ ጠርገው ይዘውት ይወርዳሉ፣ በዚያ ሸክም ጎብጠው። ስለዚህ ዝናቡ ባዶ መሬት ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሳይሰርግ ተንደርድሮ ይወርዳል፣ ሐምሌ ላይ ጫማ ይወስዳል።

እላይ ውሃው ገና ጥርት ያለ ነው፣ በእፍኜ ይዤ ፊቴን ታጠብኩበት። ታች ሲደርስ ግን ያው ታውቂዋለሽ፣ የሰፈሩን ጉድ ሁሉ ተሸክሞ ይጠቁራል። አሁን በአንዳንድ ቦታ ዳርና ዳሩ ተነጥፎ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርጎበት፣ ሰው ይንሸራሸራል። ያምራል። ሽታው ግን ገና ነው።

ጫማሽ አቤ ሐይቅ የደረሰችም አይመስለኝም። መንገድ ላይ አባ ሳሙኤል አለ፣ ያ የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ግድብ። ያንን ብታልፍ እንኳ ቆቃ ይጠብቃታል። እኔ የምወራረደው አባ ሳሙኤል ደለል ውስጥ ተቀብራ፣ ከላይዋ እምቦጭ አብቦባት ተኝታለች ብዬ ነው።

እናትሽ ሁለተኛዋን "ጓደኛዋ ትመጣ ይሆናል" እያሉ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጠዋት ነበር። አሁንም ካለች ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። እሳቸውንም ጉልበት ሳሚልኝ፣ እንሻገር ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ግን እንዳትነግሪያቸው።