ፍራሹ ስለ ራሱ የሚናገር ምልክት ይሰፋበት

ለኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የምተዳደረው ፍራሽ በመሸጥ ነው። ደንበኛ ስፖንጁን በመዳፉ ተጭኖ ያያል፣ ዋጋና የዋስትና ዘመን ይጠይቃል። ሕፃን ልጅ ያላት እናት ግን "ሽታው ልጄን አይጎዳውም ወይ?" ትለኛለች። የማሳያት ማስረጃ የለኝም።

ስፖንጅ የምንለው ፖሊዩሪቴን የተባለ የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ አዲስ ፍራሽ ሲከፈት የሚሸተውም ከውስጡ የሚተን ኬሚካል ነው። በአሜሪካ ሰርቲፑር የተባለው ምስክር ወረቀት ይህ ትነት ከአንድ ሚሊዮን እጅ 0.5 እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ እርሳስና ሜርኩሪንም ይከለክላል። ኦኮቴክስ ስታንዳርድ 100 የተባለው የጨርቃጨርቅ ምስክር ወረቀትም ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚሆን ዕቃን ከሌላው ሁሉ በጠበቀ መለኪያ ይፈትሻል። ላቴክስ የተባለው የጎማ ስፖንጅም ከጎማ ዛፍ የሚገኝ እንዳለ ሁሉ ከነዳጅ የሚሠራ አለ፤ ገዢው በዓይኑ አይለየውም።

እኔን አብልጦ የሚያስጨንቀኝ እሳቱ ነው። ሰርቲፑር ያለው ፍራሽ በእሳት ተፈትኗል ማለት አይደለም፤ ፈተናው ሌላ ነው። ስፖንጅ ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ሳያናይድ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ነበልባሉ ሳይደርስበት በጭሱ ሊሞት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1979 በማንቸስተር ከተማ አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ የስፖንጅ ዕቃዎች ተቀጣጥለው 10 ሰዎች ሞቱ፤ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1988 ጥብቅ ደንብ አወጣች። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ፍራሽን በነበልባል ታስፈትናለች። በእኛ አገር ስንቱ ቤተሰብ በአንዲት ክፍል ያበስላል፣ ይተኛል፤ መብራት ሲጠፋ ሻማው ከአልጋው ሥር ነው!

እሳቱን ለመከላከል ተብሎ ደግሞ መርዝ እንዳይጨመር አደራ እላለሁ። ለዚሁ ሥራ ይውሉ የነበሩ አንዳንድ ብሮሚን ያለባቸው ኬሚካሎች እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት የተከለከሉት ሰውነት ውስጥ እየተከማቹ ስለሚቀሩ ነው። ስለዚህ የኬሚካልና የእሳት ፍተሻዎች አንድ ላይ ይታዘዙ።

የምጠይቀው በእያንዳንዱ ፍራሽ ላይ የተሰፋ ምልክት ነው፤ ላስቲኩ ሲቀደድ አብሮ የሚጣል ወረቀት አይበቃም። ከምን እንደተሠራ፣ እፍጋቱ ስንት እንደሆነ፣ በኬሚካልና በእሳት ማን እንደፈተሸው በአማርኛና በየክልሉ ቋንቋ ይጻፍበት። በልክ ተቆርጦ የሚሸጠውና ከቁርጥራጭ ተጣብቆ የሚሠራው ስፖንጅም አይዘለል፤ አቅም የሌለው ሰው የሚገዛው እሱን ነው። አነስተኛ አምራቾች የፍተሻው ወጪ ስለሚከብዳቸው የመሸጋገሪያ ጊዜና የዋጋ ድጋፍ ቢሰጣቸው ተገቢ ነው። ለሕፃናት አልጋ የሚሆነው ፍራሽ ግን ጊዜ ሳይሰጠው አሁኑኑ ይጀመር።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፍራሽ ነጋዴ