አካፋዩ የራሱ ደብተር ይኑረው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው የቴክኖሎጂ ገጻችሁ ጂሲሲን (ፕሮግራመር የጻፈውን ኮድ ወደ ፕሮሰሰር ትዕዛዝ የሚተረጉመውን ኮምፓይለር) ከምንጭ ኮዱ መገንባት ጊዜ የሚፈጀው ፕሮሰሰሮች ትዕዛዝ ስላበዙ ነው ተብሏል። ቢያንስ በአንድ ቦታ ግን ጥፋቱ የትዕዛዝ ብዛት አይደለም። ኮምፓይለሩ ትዕዛዞችን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያሰልፍ የሚያይባቸው ሰንጠረዦች ሲያብጡ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በፕሮሰሰሩ ውስጥ የማካፈል ሥራ የሚሠራው ክፍል፣ ማለትም አካፋዩ፣ ነው።

እዚህ አዳማ፣ ከባድ መኪና በሚቆምበት መንገድ ዳር ጎሚስታና ላቫጆ ጎን ለጎን አሉ እንበል። ጎሚስታው የያዘውን ጎማ ለ20 ደቂቃ አይለቅም፣ ላቫጆው መኪናውን ለ30። ስንት ደቂቃ ቀረህ ቢባሉ፣ ሥራ ፈት የሆኑበትን ጨምሮ ጎሚስታው 21፣ ላቫጆው 31 ዓይነት መልስ አላቸው። ሁለቱን በአንድ ደብተር የሚከታተል ሰው ለእያንዳንዱ ጥምረት መስመር ያስፈልገዋል፤ እስከ 651 ይደርሳል። በሁለት ደብተር ግን 52 ይበቃል።

በጂሲሲ ደብተሩ ኦቶማቶን ይባላል። አካፋዩ ከመደመሪያውና ከማባዣው ጋር በአንድ ኦቶማቶን ታጉሮ ለ40 ሳይክል (የፕሮሰሰሩ የሰዓት ምት) ተይዟል ተብሎ ከተጻፈ ብዜቱ አይቀሬ ነው። መፍትሔው በፕሮሰሰሩ መግለጫ ፋይል ውስጥ ሌላ ኦቶማቶን ሰይሞ አካፋዩን ወደዚያ ማዛወር ነው፤ ሁለት መስመር ቢፈጅ ነው። አካፋዩ በ«ወይም» አማራጭ ከሌላ ክፍል ጋር ከተቆራኘ ግን ሰንጠረዥ አመንጪው ሁለቱ አንድ ላይ ይሁኑ ብሎ ያጉረመርማል፤ ያኔ አገላለጹን መቀየር ግድ ነው።

ሌላው ስሕተት፣ እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ፣ ውጤት የሚደርስበትን ጊዜ ክፍሉ ከተያዘበት ጊዜ ጋር ማምታታት ነው። ውጤቱ በ13 ሳይክል የሚደርስ፣ ነገር ግን በየ5 ሳይክሉ አዲስ ሥራ የሚቀበል አካፋይ መያዝ ያለበት ለ5 ብቻ ነው። 13ቱ የራሱ ቦታ አለው፣ እዚያ ይጻፍ። እውነትም ለረጅም ጊዜ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ የመያዣውን ቁጥር ማሳጠር ብዙ አይጎዳም፤ 40 ሳይክል የሚሞላ ሌላ ሥራ በአንድ የኮድ ክፍል ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ከሰንጠረዦቹ የተገነባውን የኦብጀክት ፋይል (የተተረጎመ ኮድ የያዘ ፋይል) በውስጡ ያሉትን ስሞች በሚዘረዝረው ኤንኤም በተባለ መሣሪያ በመጠን አሰልፉ፤ ከታች የሚመጡት፣ ትልቅ የሆኑት፣ ስሞች የኦቶማቶኑን ስም ይዘዋል። ያበጠው ሰንጠረዥ በሲው ኮምፓይለር ውስጥ ብቻ አይቀርም፣ በሲ ፕላስ ፕላሱና በፎርትራኑም ውስጥ እንዳለ ይገለበጣል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ