የቼሮኪ መሬት የሄደው በወረቀት ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ አሜሪካዋ ክፍለ ግዛት ስለ ኦክላሆማና ስለ ቀደምት ሕዝቦቿ ያወጣችሁት ጽሑፍ ለአማርኛ አንባቢ እምብዛም የማይደርስ ታሪክ ነውና ምስጋና ይገባችኋል። ሆኖም መታረም ያለባቸው ነገሮች አሉበት። አንዱ የዘመን አቆጣጠር ስሕተት ነው፤ ሌሎቹ የታሪኩን መልክ ጭራሽ ይለውጡታል።

ከትንሹ ልጀምር። ጽሑፉ ከእነዚህ ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ቼሮኪዎች «በ1830» ከቀድሞ አገራቸው ከአሜሪካዋ ጆርጂያ ወደ ኦክላሆማ ተባረሩ ይላል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ልክ ነው። ወታደር በየቤቱ እየገባ ሰዉን ማፈስ የጀመረው በግንቦት 1830 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1838 መሆኑ ነው። ችግሩ እዚያው አንቀጽ ውስጥ ያሉት ሌሎች ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ መሆናቸው ነው። በፈረንጅ 1830፣ ያውም በዚያው በግንቦት ወር፣ የሆነው ሌላ ነገር ነው፤ ፕሬዚዳንት አንድሪው ጃክሰን ቀደምት ሕዝቦችን ወደ ምዕራብ የማፈናቀያውን ሕግ ፈረሙ። በሕጉና በመፈናቀሉ መካከል ስምንት ዓመት አለ፤ የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነትም በግንቦት ስምንት ነው። ጸሐፊው ሁለቱን ሲያጣብቃቸው በመሀል የዋጠው ዋናውን ታሪክ ነው፤ ስምንቱ ዓመት ቼሮኪዎች በፍርድ ቤት ሲሟገቱ የኖሩበት ነውና። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ማንበብና መጻፍ የማያውቁ ጎሣዎች» የሚለው አገላለጽም ለቼሮኪ አይሠራም። ሴኮያ የተባለው ብር ሠሪ፣ እራሱ እንግሊዝኛ ማንበብ ሳይችል፣ በ1821 ለቋንቋው ፊደል ቀርጾ ጨረሰ። መጀመሪያ 86 ምልክት ነበረው፤ አንዱ ቀርቶ ዛሬ 85 ነው። አሠራሩን ለፈረንጅ ለማስረዳት ገጽ ይፈጃል፤ ፊደል ቆጥሮ ላደገ አንባቢ ግን አንድ ቃል ይበቃል፤ እንደ እኛው እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይዞ ነው የሚነበበው። የእኛ አናባቢ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ሲሆን የእነሱ ስድስት ነው፤ ስድስተኛው በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ነው። ትልቁ ልዩነት ቅርጹ ላይ ነው። የእኛ ላ እና ሉ ግንዱ አንድ ነው፤ የሚለየው ቅጥያው ብቻ። በቼሮኪ «ላ» እና «ሉ» በመልክ ፈጽሞ አይዛመዱም፤ እያንዳንዱን ለብቻ ማጥናት ግድ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ላቲን ስለሚመስሉ ያሳስታሉ። የላቲኑን ደብሊዩ የሚመስለው «ላ»፣ ኤም የሚመስለው «ሉ»፣ ኤች የሚመስለው «ሚ»፣ ዲ የሚመስለው «አ» ተብሎ ይነበባል። ሴኮያ የወሰደው ቅርጹን እንጂ ድምፁን አይደለም።

የቼሮኪ ምክር ቤት ፊደሉን በ1825 ተቀበለው። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1828 ርእሰ ከተማቸው ኒው ኢቾታ ላይ «ቼሮኪ ፊኒክስ» የተባለው ጋዜጣ በሁለት ቋንቋ ታትሞ ወጣ፤ አዘጋጁ ኤልያስ ቡዲኖት ራሱ ቼሮኪ ነው። የእኛ «አእምሮ» ጋዜጣ የወጣው ከዚያ ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። (ኮምፒዩተር ላይ ግን እኩል ደርሰናል፤ በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0፣ ማለትም ኮምፒዩተር ፊደላትን የሚያውቅበት መለኪያ፣ የግእዙንም የቼሮኪውንም ፊደል ይዞ ነው የመጣው።)

ታዲያ ፊደል፣ ጋዜጣና የራሱ ሕገ መንግሥት ያለው ሕዝብ እንዴት አገሩን አጣ? ጽሑፋችሁ «በጦርነት ተሸንፈው» ይላል። ቼሮኪዎች ጆርጂያን ያጡት በውጊያ አይደለም። በ1820ዎቹ መጨረሻ ምድራቸው ላይ ወርቅ ተገኘ። ጆርጂያ የራሷን ሕግ በላያቸው ዘረጋች፤ በ1832 ደግሞ መሬቱን ሸንሽና በዕጣ ለነጭ ነዋሪዎች አደለችው፤ የእርሻው ዕጣ 160 ኤከር፣ የወርቁ 40 ኤከር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ምድር ላይ አይጸናም ብሎ ፈረደላቸው። ፍርዱን ያስፈጸመ ግን አልተገኘም።

ከዚያ የመጣው የኒው ኢቾታ ውል ነው፤ ዲሴምበር 29 ቀን 1835። ምድሩን በሙሉ በ5 ሚሊዮን ዶላር የሚያስረክብ ወረቀት ነው። የፈረሙት ጥቂት ሰዎች ሲሆኑ ዋናው አለቃ ጆን ሮስም ሆነ ምክር ቤቱ ውክልና አልሰጣቸውም። ከፈራሚዎቹ አንዱ የጋዜጣው አዘጋጅ የነበረው ቡዲኖት ነው። ከ15,000 በላይ ስም የሰፈረበት የተቃውሞ ማመልከቻ ዋሺንግተን ቀረበ፤ ሴኔቱ ግን ውሉን አጸደቀው፤ አንድ ድምፅ ቢጎድለው የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ አይሞላም ነበር። ቼሮኪዎች ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ምድር የሸጠ ይሙት የሚል ሕግ ነበራቸው፤ ቡዲኖት ኦክላሆማ ከደረሰ በኋላ በ1839 የተገደለው በዚሁ ሰበብ ነው።

ወደ ኦክላሆማ የተደረገው የግዳጅ ጉዞ በጽሑፋችሁ በደንብ ስለተተረከ አልመለስበትም። ወደ 16,000 ሰው ተነዳ፤ እስከ 4,000 እንደሞተ ይገመታል፤ ብዙውን የጨረሰው በየካምፑና በየመንገዱ የገባው ተቅማጥና ኩፍኝ ነው። የተዘለለ አንድ ነገር ግን አለ፤ ሀብታሞቹ ቼሮኪዎች ጥቁር ባሮቻቸውንም ይዘው ነበር የሄዱት። ለእነዚህ ነጻነትና የዜግነት መብት በውል የተረጋገጠላቸው በ1866 ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው ይህንኑ ለማስከበር እስከ ቅርብ ዓመታት በፍርድ ቤት ተከራክረዋል።

«በ1889 ባዶ መሬት ለሰፋሪ ተከፈተ» ወደሚለው ልምጣ። ኤፕሪል 22 ቀን ልክ በስድስት ሰዓት ተኩስ ተሰምቶ ሰው በፈረስና በጋሪ የተሽቀዳደመው እውነት ነው፤ ለአንድ ሰው 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ግድም፣ በእኛ ከጋሻ ተኩል የሚበልጥ። ነገር ግን ያ መሬት ከክሪክና ከሴሚኖል ሕዝቦች የተወሰደ ነው። ደግሞም ሽቅድምድሙ ፎቶ ስለሚያምርበት ነው የሚወራለት፤ የኦክላሆማን ምሥራቃዊ ክፍል የበላው ሌላ፣ ድምፅ የሌለው ነገር ነው።

የርስትን ሥርዓት የሚያውቅ የጎንደር አንባቢ ይህን ቶሎ ይረዳዋል። በቼሮኪና በክሪክ ዘንድ መሬቱ የሕዝቡ የጋራ ነበር፤ ያለማው ሰው ቤቱና አዝመራው የራሱ ነው፤ አፈሩን ግን ለባዳ መሸጥ አይችልም። አራጣ አበዳሪ ቢመጣም የሚይዘው የለም። የ1898ቱ የከርቲስ ሕግ ይህንን አፈረሰ። አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሰዉን በነፍስ ወከፍ መዘገበ፤ መዝገቡ ሲዘጋ ከ100,000 በላይ ስም ይዟል። ከየስሙ ጎን «የደም መጠን» ተጻፈ፤ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ እየተባለ። ነጻ የወጡት ጥቁሮች በሌላ መዝገብ ሰፈሩ፤ እናታቸው ወይም አባታቸው ቼሮኪ ቢሆን እንኳ የደም መጠን አልተጻፈላቸውም። ቀጥሎ ቀያሽ ገብቶ መሬቱን በካሬ ከፋፈለ። ለአንድ ክሪክ 160 ኤከር ደረሰው፤ ከዚህ 40ው የማይሸጥ የመኖሪያ ይዞታ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በ1908 ነው። አዲስ ሕግ ወጥቶ የደም መጠናቸው ከግማሽ በታች የሆኑትና ነጻ የወጡት ጥቁሮች መሬታቸውን፣ የመኖሪያውን ይዞታ ጨምሮ፣ እንዲሸጡ እገዳውን አነሳ፤ ከእገዳ የወጣ መሬት ደግሞ ግብር ይከፍላል። በጥሬ ገንዘብ ኖሮ የማያውቅ ገበሬ ግብሩን ለመክፈል መሬቱን አስይዞ ይበደራል፤ ሳይከፍል ሲቀር መሬቱ ይሄዳል። የሕፃናቱ ድርሻም በየአውራጃው ፍርድ ቤት እጅ ገባ፤ ዳኛው ሞግዚት ይሾማል፤ ሞግዚቱ የልጁን መሬት፣ ነዳጅ ካለበትም ነዳጁን፣ ለወዳጁ በርካሽ ይሸጣል። አንድ ጥይት አልተተኮሰም፤ ሁሉም ማኅተም አለው።

በወረቀት መሄዱ ግን ሌላም ነገር አስከትሏል። መሬቱን የሸነሸኑት ሕጎች የክሪክ ክልል፣ ማለትም ለሕዝቡ በውል የተከለለው ምድር፣ ፈርሷል የሚል ቃል የላቸውም። ኦክላሆማ ኖቬምበር 16 ቀን 1907 46ኛዋ ክፍለ ግዛት ስትሆን ሁሉም ሰው የፈረሰ መሰለው። በጁላይ 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ኮንግረስ በግልጽ ካላፈረሰው ክልሉ አለ ብሎ ወሰነ፤ በቀጣዩ ዓመት የኦክላሆማ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህንኑ ለቼሮኪ ተከተለ። ጽሑፋችሁ «መሬታቸው ተመለሰላቸው» ማለቱ ግን ትክክል አይደለም። የማንም የቤት ካርታ አልተነካም። የተለወጠው የዳኝነት ሥልጣን ነው፤ በክልሉ ውስጥ ተከሳሹ የሕዝቡ አባል ከሆነ ክፍለ ግዛቷ ልትከሰው አትችልም፤ የሚዳኘው በፌዴራል ወይም በሕዝቡ በራሱ ፍርድ ቤት ነው። ተከሳሹ የየትኛውም ቀደምት ሕዝብ አባል ካልሆነ ግን፣ ተበዳዩ አባል ቢሆንም፣ ክፍለ ግዛቷም መክሰስ እንደምትችል በ2022 ተወስኗል።

«ቀይ ህንዶች» የሚለው ቃል ቢቀር ጥሩ ነው፤ ቼሮኪ፣ ክሪክ፣ ቾክታው እየተባለ በየስማቸው ቢጻፍ አንባቢም አይምታታም። ከካርታው ሥር «የቀድሞው የቼሮኪ ግዛት» የሚለው ላይ ደግሞ «የቀድሞው» ይሰረዝ።

ከአንድ የታሪክ መምህር፣ ጎንደር