ወንድም ጋሼ፣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡባት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እትዬስ፣ ልጆቹስ፣ የመሐል ሜዳ ዘመድ ሁሉ እንደምን አለ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ማታ በስልክ ስለ ልጃችን የደም ካንሰር (ሉኪሚያ) ያወራነው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ በቅጡ አልተግባባንም። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። ለእትዬም ያንብቡልኝ።

«ደሟ ጠርቷል ብለውናል፣ እንግዲህ ይዘናት ወደ አገራችን እንግባ» አሉኝ። ገብሱ አጫጅ አጥቶ፣ በጎቹ በሰው እጅ ሆነው አዲስ አበባ መቀመጥ ምን ያህል እንዳስመረረዎ አውቃለሁ። ቢሆንም በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ መድኃኒቱን አያቋርጡባት።

ጠራ የተባለው በማይክሮስኮፕ የሚታየው ነው። ሉኪሚያ ሲገኝ በሰውነት ውስጥ እስከ ትሪሊዮን የሚደርስ የታመመ ሴል ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያው ወር ሕክምና አብዛኛውን ይጨርሰዋል። ላቦራቶሪው «ምንም አላየሁም» ባለበት ቀን ግን እስከ ቢሊዮን የሚደርስ መቅኒዋ ውስጥ ሊቀር ይችላል። አሁን ቢያቆሙ ያ የቀረው ይራባል። ሲመለስ ደግሞ መድኃኒቱን ለምዶት ሊመለስ ይችላል።

ይህ የታወቀው በብዙ ሕፃናት ሞት ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1948 ሲድኒ ፋርበር የሚባሉ የቦስተን ሐኪም አሚኖፕተሪን በሚባል መድኃኒት ልጆች ሲሻላቸው አዩ። አልጋ ላይ የቀሩ ልጆች ተነሥተው ተጫወቱ። ወራት ቆይቶ በሽታው ተመለሰና ሞቱ። ከዚያ በኋላ የመጡትም መድኃኒቶች ለየብቻ ሲሰጡ መጨረሻቸው ያው ነበር።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ እዚሁ እኔ ባለሁበት ሜሪላንድ፣ ኤሚል ፍራይ እና ኤሚል ፍራይራይክ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች በብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት አራት መድኃኒት አንድ ላይ መስጠት ጀመሩ። ቪንክሪስቲን፣ ሜቶትሬክሴት፣ መርካፕቶፑሪን እና ፕሬድኒሶን ናቸው። ስሞቹን ያውቋቸዋል መቼም፤ የልጃችን ካርድ ላይ ተጽፈው ያነበቡልኝ እነዚሁ ናቸው። ያን ጊዜ ሕፃን ልጅ ላይ ይህን ሁሉ መርዝ ማፍሰስ ጭካኔ ነው ብለው የተቃወሙ ሐኪሞች ነበሩ። እነ ፍራይ ግን ከቲቢ ሕክምና ተምረው ነበር። አባባ ቲቢ የያዛቸው ጊዜ ያን ሁሉ ኪኒን ባንዴ ሲውጡ ትዝ ይልዎታል? ከአንዱ መድኃኒት ያመለጠውን ሌላው እንዲይዘው ነው። ደግሞም የአንዱ ጉዳት ከሌላው ጋር አንድ ቦታ እንዳይደራረብ አስበው ነው የመረጧቸው።

የብዙዎቹ ልጆች ደም ጠራ። ልክ እንደ ልጃችን። ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ራስ ምታትና ትውከት ይዟቸው የተመለሱ ነበሩ። በሽታው መድኃኒቱ በደንብ በማይደርስበት በአንጎል ሽፋን ውስጥ ቆይቶ ኖሯል። ይህን ሳነብ ሁሌም ሆዴ ይላወሳል። መድኃኒቱን እዚያ ለማድረስ ጀርባዋ ላይ የሚወጉት መርፌ፣ እርስዎ ማየት አቅቶዎት ከክፍሉ የሚወጡበት፣ የመጣው ከእነዚያ ልጆች ነው። ዶናልድ ፒንክል የሚባሉ ሐኪም ሜምፊስ ከተማ ውስጥ፣ ሴንት ጁድ ሆስፒታል፣ ብዙ መድኃኒትን ከአንጎል ሕክምና ጋር አያይዘው ለዓመታት ሳያቋርጡ ሰጡ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ዳኑ። ዛሬ እዚህ አገር ከ10 ልጆች 9ኙ ገደማ ይድናሉ። ሊምፎማ በሚባለው የንፍፊት ካንሰር ላይም በዚያው ዘመን ቪንሰንት ዴቪታና ባልደረቦቻቸው በአራት መድኃኒት ሆጅኪን የሚባለውን ዓይነት ማዳን እንደሚቻል አሳይተዋል። እኛን በመሰሉ አገሮች ብዙ ልጆች ከሚሞቱባቸው ምክንያቶች አንዱ ሕክምናውን ጀምሮ መተው ነው።

«ልጄን መሞከሪያ አደረጓት» ያሉት ነገር አንጀቴን በልቶታል። ሙከራማ እኔ የምሠራበት ክፍል ነው ያለው። ሌላ መድኃኒት አልሠራ ያላቸው ሰዎች አዲስ ቅንብር ለመሞከር ይመጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች በትንሹ መጠን ይጀምራሉ። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ በየሰዓቱ ደም እቀዳለሁ፣ ሰዓቱን ቱቦው ላይ እጽፋለሁ። ጉዳት ካልታየ ቀጣዮቹ ሦስት ከፍ ያለውን ይወስዳሉ። ሁሉም ፈርመው ነው፣ በቃኝ ባሉ ቀን መተው ይችላሉ። የልጃችን መድኃኒት ይህን ሁሉ ያለፈው እኛ ሳንወለድ ነው።

ፊቷ ያበጠው፣ ሌሊት ተነሥታ ዳቦ የምትጠይቀው፣ የምትነጫነጨውም ከስቴሮይዱ፣ ከፕሬድኒሶኑ ነው። ሲቆም ይተዋታል። እግሯ ሲዝልና ሆዷ ሲደርቅ ደግሞ ከቪንክሪስቲኑ ነውና ለሐኪሟ ይንገሩ። ፀጉሯ ይበቅላል። ትኩሳቱን ግን አደራ! 38 ከደረሰ እስኪነጋ አይጠብቁ፣ በሌሊት ይዘዋት ይሂዱ። የመከላከል አቅሟ ስለወረደ ትንሽ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊጥላት ይችላል። ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደረስ ምን እንደሚፈጅ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ለዚህ ነው ቅርብ ሁኑ የምለው።

ጠበሉን አልነካም፣ እኔም የማምነው ነው። ከኬሞው ጋር ይሁን፣ በእሱ ፈንታ አይሁን። ውሃውን እንዴት እንደምትወስድ ግን ሐኪሟን ይጠይቁ።

ሕክምናው ሁለት ዓመት ያልፋል። ከባዱ ግን የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ቤት የሚዋጥ ኪኒን ነው፣ ሐኪሟ ሲፈቅድም ደብረ ብርሃን አክስታችን ጋ ሆና በቀጠሮ እየተመላለሰች መከታተል ትችል ይሆናል። እስከዚያ ሆስፒታሉ አጠገብ አንድ ክፍል ይከራዩ። ኪራዩን በየወሩ እልካለሁ፣ የዚህን ወር ዛሬ ልኬያለሁ። ለአጨዳውም ሰው ይቅጠሩበት። ኪኒን ጠፋ ካሏችሁ ሳያልቅ ይደውሉልኝ። የቀጠሮ ካርዷን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ይላኩልኝ፣ ቀኖቹን እኔም ልያዝ።

እህትዎ፣ ከሜሪላንድ