ለልጄ፣ ከክሉዋኒ ሐይቅ ዳር

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ኔትወርክ ካገኘን ቆይቷልና እንዳታስብ ብዬ ነው የምጽፍልህ። ያለነው ካናዳ፣ ዩኮን ውስጥ፣ ክሉዋኒ ሐይቅ ዳር ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆኗል፤ ግን መብራት አላበራሁም። በዚህ ወቅት እዚህ አገር የሚጨልም ነገር የለም። የክርስትና እናትህ እንደ ቤት አድርገን በምንጓዝበት መኪና ውስጥ የመኝታዋን መስኮት በወፍራም ጨርቅ ጋርዳ ተኝታለች። ባለቤቷ ውጭ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሐይቁን እያየ ነው። ግባ ብለው እምቢ አለኝ።

«አላስካ ለመድረስ ምን አደከማችሁ፣ በአውሮፕላን አትሄዱም?» ብለኸኝ ነበር። አሁን መልስ አለኝ። እኛ ለማየት የመጣነው መንገዱን ራሱን ነው።

የአላስካ ጎዳና የሚጀምረው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ከዶውሰን ክሪክ ከተማ ነው። አላስካ ውስጥ ዴልታ ጀንክሽን እስኪደርስ ከ2,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከፎርት ኔልሰን ወዲህ ያለው ክፍል በተለይ ልብ ይሰርቃል። መንቾ ሐይቅ ዳር የዱር በጎች መንገዱ ላይ ወርደው ማዕድን ያለበትን አፈር ይልሳሉ። መኪና ሲመጣ ቀና እንኳ አይሉም። አንዷ ግልገሏን ይዛ ከፊታችን ቆመች። ሞተር አጥፍተን ጠበቅናት። ማንም አልቸኮለም፤ ከጓደኛ ጋር መሄድ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ከላያርድ አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ባይሰን፣ ጎሽ የሚመስለው ትልቅ የዱር እንስሳ፣ በመንጋ ሆኖ የመንገዱን ዳር ይዞ ይሄዳል። ማታ መንዳት የሌለብህም ለዚህ ነው፤ ያ ፍጥረት ጥቁር ነው፣ በብርሃንም ጭምር ድንገት ነው የምታየው።

ላያርድ ፍል ውሃ ስትደርስ ሁለት ሌሊት እደር እንጂ አትለፈው። ረግረጉን በእንጨት ድልድይ ተሻግረህ ነው የምትደርሰው። ውሃው ከምንጩ አጠገብ አያስጠጋም፣ ያቃጥላል። ራቅ እያልክ ስትሄድ ለብ ይልልሃል፤ እያንዳንዱ ሰው የሚስማማውን ቦታ ይመርጣል። እኛ ሴቶቹ መሃል ላይ ተቀምጠን የጨዋታ ጎተራ ከፈትን። የክርስትና እናትህ ስለ ወጣትነታችን ያወራችውን ስትመጣ ራሷ ትንገርህ።

ዋትሰን ሌክ ላይ ያለውን የምልክቶች ጫካ ሁሉም ሰው ያየዋል፣ አንተም ታየዋለህ። በ1942፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ አገሩ የናፈቀው አንድ ወታደር የከተማውን ስም ጽፎ ሰቀለ። ዛሬ የተሰቀለው ምልክት ከ80,000 በላይ ሆኗል።

አሁን ልቤን ወደያዘው ነገር ልምጣ። ይህ መንገድ የተሠራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942፣ በስምንት ወር ገደማ ነው። ጃፓን የአሜሪካን የጦር ወደብ ፐርል ሃርበርን ከመታች በኋላ አሜሪካ ለአላስካ ሰግታ ነበር። ከ10,000 በላይ ወታደሮች ጫካውንና ረግረጉን ሰንጥቀው አወጡት። ሲሶ ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። ጦሩ ያኔ ጥቁርና ነጭ ለያይቶ ነበር የሚያሰልፈው። 95ኛው የመሐንዲሶች ሬጅመንት የጥቁሮች ነበር፤ ከባድ ማሽኑ ለነጮቹ ተሰጥቶበት በመጥረቢያና በአካፋ ሥራ ገባ። እነዚሁ ሰዎች የሲካኒ ቺፍ ወንዝን ድልድይ ከአራት ቀን ባነሰ ጊዜ ገነቡት። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየገቡ፣ ሌሊት በመኪና መብራት እየሠሩ። ከደቡብ የአሜሪካ ክፍል የመጡ፣ እንዲህ ያለ ብርድ አይተው የማያውቁ ብዙዎች ነበሩባቸው። ይህን ሳውቅ ወንዙ ዳር መኪናውን አስቁሜ ወረድኩ። ጓደኞቼም ወረዱ። ለብዙ ዓመታት ታሪካቸው ሲነገር አልሰማሁም ነበር፤ አንተም አልሰማህ ይሆናል። እንድታውቀው እፈልጋለሁ።

ከዚህ ሐይቅ በላይ የወታደሮች ጉብታ የሚባል ቦታ አለ። መንገዱ በኖቬምበር 20 ቀን 1942 የተመረቀው እዚያ ነው። ዛሬ ጠዋት ቀስ እያልን ወጣን። ከላይ ሆነህ ሐይቁን ታየዋለህ፤ ውሃው ግን እንደ ድሮው አይደለም። ካስካዉልሽ የሚባለው ግግር በረዶ ወደ ኋላ ስላፈገፈገ፣ ይህን ሐይቅ ይመግብ የነበረው ወንዝ በ2016 አቅጣጫው ተለውጦበት ውሃው ወደ ሌላ ወንዝ ሄደ። ደርቆ የቀረው የወንዙ አሸዋ በነፋስ ይነሣል። ምሳችንን ስንበላ መስኮት ከፍተን ነበርና፣ ሳህኑ ላይ ደቃቅ ግራጫ አቧራ ተነጠፈ። በዜና ከሰማሁት ሁሉ ያ ሳህን የበለጠ ገባኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ከጓደኞችህ ጋር መምጣት ትፈልጋለህ ብለኸኛልና አንዳንድ ነገር ልንገርህ። ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ ሙላ፤ ማደያና ማደያ ይራራቃሉ። የመኪናውን የቆሻሻ ውሃ ጋን ሳይሞላ ድፋ፣ የማን ተራ እንደሆነም ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ። የጓደኞች ጠብ የሚነሣው ከዚያ ነው። እኛ የምንቆምበትን ቦታ በየቀኑ አንድ ሰው እንዲመርጥ አድርገናል፤ የተቀረው አያጉረመርምም። ድብ ማባረሪያ ስፕሬይ እዚሁ ግዛ፣ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። ምግብ ውጭ አታሳድር።

ነገ ወደ ቢቨር ክሪክ እንሄዳለን። ከመሬቱ ሥር ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ በረዶ ስላለና የላይኛው እየቀለጠ ስለሚንሸራተት፣ መንገዱ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል ይላሉ። ስለዚህ ቀስ ብለን ነው የምንነዳው። ቢቨር ክሪክ አካባቢ ነው በኦክቶበር 1942 ከአላስካ በኩል የመጣው ጥቁሩ ኮርፖራል ሬፋይንስ ሲምስ እና ከዚህ በኩል የሄደው ነጩ ፕራይቬት አልፍሬድ ጃሉፍካ በቡልዶዘር ፊት ለፊት የተገናኙት። ሲጨባበጡ የተነሡት ፎቶ አለ፤ ፈልገህ እየው።

ድንበሩን ተሻግረን ቶክ ስንደርስ እደውልልሃለሁ። የአላስካ ሰዓት ከዩኮን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ቢዘገይብህ አትጨነቅ። አባትህን ሳምልኝ፣ መድኃኒቱንም በሰዓቱ እንዲወስድ አስታውሰው።

እናትህ