ሐምሌና ነሐሴ የእኛ ናቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። ስለ ሕግ አዋቂ የምክር ቤት አባላት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ሙገሳው ግን በዛ።

የእኛም ተወካይ ጠበቃ ነበሩ። ከመንዝና ከጣርማበር የሚመጣውን የመሬት ክርክር ይዘው ሲሟገቱ አውቃቸዋለሁ። የጻፍኩትን ማመልከቻ ቆመው ያነቡና «ይሄ እሮሮ ነው፤ መሬቱ በምሥራቅ ከማን ጋር ይዋሰናል?» ብለው ይመልሱልኛል። ያናድዱኝ ነበር። ደግሞ ልክ ናቸው። ገንዘብ ላጠረው ባለጉዳይ «እህል ሲገባ ትከፍላለህ» ይሉታል።

ከዚያ ተመረጡ። ደስ አለን።

ጠበቃ ሳሉ ደንበኛው ካልተስማማው ውክልናውን ያነሳል። በየቀጠሮውም ፊት ለፊት ይገናኛሉ። የምክር ቤቱ ግን 5 ዓመት ነው። እርግጥ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መራጩ እምነት ካጣ ተወካዩን ማንሳት ይችላል ይላል። እኛ ሰፈር ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

አንቀጽ 58 ደግሞ የምክር ቤቱ ሥራ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው ይላል። እንግዲህ ክረምቱን እኛ ጋ ይምጡ። ብርዱን ያውቁታል፤ ጋቢ ይደርቡ። በ2016 የወጣውን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ቁጭ ብለው ያስረዱን። ይዞታን አስይዞ ስለ መበደር ገበሬው የሚጠይቀው እኔን ነው። እኔ ደግሞ ጠበቃ አይደለሁም።

ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ከደብረ ብርሃን